ስድስተኛው ጠርሙስ

አምስቱ ጠርሙሶች ባዶ ናቸው። ስድስተኛው እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

ሚጢ ጠርሙሱን አንስታ ወደ ቤተ ሙከራው መስኮት አስጠጋችው። ጎኑ ላይ ከስድስት ሳምንት በፊት በራሷ እጅ በማርከር ያሰመረችው ሰማያዊ መስመር አለ። ፈሳሹ ከመስመሩ የወረደው ቢበዛ ግማሽ ጣት ቢሆን ነው። «ተሳስቼ ይሆናል» አለች። ሚጢ ከሰው በፊት ራሷን የምትጠረጥር ልጅ ናት። ገልብጣ ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየች። ስድስት። ስድስት ቁጥር ደግሞ ፍልቅልቅ ናት።

ፍልቅልቅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ነች፤ ገና በሕፃንነቷ ለማንም ስለምትስቅ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ፊቷ በብጉር ሲወረር ግን የክፍሉ ወንዶች «ፈንድሻ» አሏት። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ነበረች። ከሳቀች በኋላ ሽንት ቤት ገብታ እስከ ደወል እንዳልወጣች የምታውቀው ሚጢ ብቻ ናት።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናቸው። የሳይንስ ክበቡ ሥራ የሚጢ ሐሳብ ነበር፤ ከተማሪ ኪስ በማያልፍ ነገር ፊትን መንከባከብ ይቻላል ወይስ አይቻልም? መድኃኒት ቤት የምትሠራው እናቷ ረዳቻት። ነገሩ ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ሽታ በሌለው ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ በእጅ ብቻ፣ ሳይፈትጉ መታጠብ። ፊት ገና እርጥብ እንዳለ በውሃ የቀጠነ ግሊሰሪን መቀባት። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የፀሐይ መከላከያ። ብጉር መጭመቅ ክልክል። ስድስቱም ልጆች መጀመሪያ ከጆሯቸው ጀርባ ሦስት ቀን ሞከሩት፤ ከዚያ በየዕለቱ ቅጻቸው ላይ ምልክት እያደረጉ ስድስት ሳምንት ተጠቀሙ።

ሚጢ ራሷ አንድ ቁጥር ነበረች። ፊቷ ትንሽ ተሻለው እንጂ ያን ያህል አይደለም። የሌሎቹም ከዚያ አይበልጥም። የፍልቅልቅ ፊት ግን የተላጠ እንቁላል መሰለ። ፎቶዋ ሥራቸውን በሚያሳዩበት ቀላል ሰሌዳ መሀል ላይ ከሁሉም ገዝፎ ተለጥፏል።

«ይቺ ፎቶ ብቻዋን ታሸንፋለች» ብላ ነበር የባዮሎጂ መምህሯ። ነገ የወላጆች ቀን ነው። አንደኛ የወጣው ሥራ ወደ ትምህርት ቤቶች ውድድር ያልፋል። አምና ሚጢ ለጥቂት ነው የቀረችው። በሩ አጠገብ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ደግሞ ሠላሳ አንድ ልጆች «እኛም እንጀምራለን» ብለው ተመዝግበዋል።

የስድስት ቁጥርን ቅጽ አወጣች። አርባ ሁለት ቀን፣ አንድም ያልተሞላ የለም። ምልክቶቹ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አቅጣጫ ጋደል ብለው ተደርድረዋል። በአንድ ቁጭታ የተሞላ ቅጽ።

በሩ ተከፈተና ፍልቅልቅ ፕላስተር እያሽከረከረች ገባች። «አገኘሁልሽ! ጥበቃው ካልሰጠሁሽ ብሎ... ምነው? ጅን ያየሽ መሰልሽ እኮ።»

«ይሄ ለምን ሞላ?»

ፍልቅልቅ ጠርሙሱን አየችው። «አልቆብኝ ከቤት ሞልቼው ነዋ።»

«በምን?»

«በግሊሰሪን! ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

«ቤታችሁ ግሊሰሪን የለም። ባለፈው ለእናትሽ ተረከዝ ከኛ ነው የወሰድሽው።»

ፍልቅልቅ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ አልመጣም። ሄዳ በሩን ዘጋችው። ከቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ትንሽ ነጭ ዕቃ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጽሑፍ የለውም፤ ስም የለውም፤ ክዳን ብቻ።

«ቅልቅል ነው» አለች። «የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ፀጉር ቤት፣ ባለቤቷ ራሷ ነች የምትቀላቅለው።»

«ምን ከምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? በአምስት ቀን ነው የጠፋልኝ ሚጢ። በአምስት ቀን!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታስወጪኛለሽ።» ፍልቅልቅ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሯ ትፈልግ ጀመር። «ደግሞ በየሳምንቱ ፎቶ ስታነሺኝ ደስታሽን አያለሁ። እንዴት ብዬ? ማንም ሰው ፈንድሻ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቆጥሬዋለሁ።»

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉንጯ ላይ አረፈች። ሚጢ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። ከቆዳዋ ሥር እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ መስመሮች ይታያሉ። ፍልቅልቅ ፊቷን ከፀሐይዋ ሸሸት አደረገች።

«ያቃጥልሻል?»

«ትንሽ። ፀሐይ ላይ ብቻ።» ድምጿን ቀነሰች። «አንዴ ተውኩት። ያን ሰሞን አሞኛል ብዬ ቀርቼ አልነበር? በሁለተኛው ቀን ፊቴ እሳት ሆነ። ከድሮው የባሰ። ፈራሁና መለስኩት።»

«ፍልቅልቅ...»

«አታካብጂ በናትሽ! ነገን ብቻ። እናቴ ሥራዋን አስፈቅዳ ነው የምትመጣው፤ የምትለብሰውን ልብስ ከትናንት ጀምሮ ሰቅላዋለች። ነገን ብቻ አሳልፊኝና ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

ዕቃውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወጣች። ፕላስተሩን ረስታዋለች።

ሚጢ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። እናቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ለአንድ ሽማግሌ የሽሮፕ አወሳሰድ ትነግራለች፤ ሁለት ጊዜ ነግራቸው ሦስተኛውን ማሸጊያው ላይ ጻፈችላቸው። ሽማግሌው ሲወጡ ሚጢ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«እማ፣ አንድ ልጅ አለች።»

«እሺ፣ አንድ ልጅ።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ከስሟ በቀር። እናቷ እየሰማች የመድኃኒት ፓኮዎች ስትደረድር ቆየችና ሚጢ «ሁለት ቀን ስትተወው ፊቷ ነደደ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እንደዚህ ያለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሐኪም ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያዘው ኃይለኛ መድኃኒት ይኖራል» አለች። «መጀመሪያ ፊትን ያሳምራል። እያደር ቆዳውን ያሳሳዋል።»

«እና ዛሬውኑ ትጣለው?»

«በራሷ አይደለም! በድንገት ሲተውት ነው ጉዱ የሚፈላው። የቆዳ ሐኪም ይያት፣ ዕቃውንም ይዛ ትሂድ።» መነጽሯን አወለቀች። «ይቺ አንድ ልጅ እኛ ቤት ትመጣለች?»

ሚጢ ባንኮኒውን አየች።

«ግዴለም፣ አልጠይቅሽም። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምወጣው። እሺ ካለች ይዣት እሄዳለሁ በያት።»

ሁለት የሰባተኛ ክፍል ልጆች እየተጋፉ ገቡ። ሚጢ አወቀቻቸው፤ ሁለቱም ቤተ ሙከራው በር ላይ ባለው ወረቀት ተመዝግበዋል። ሽታ የሌለው ሳሙናና ግሊሰሪን ጠየቁ።

«በስድስት ሳምንት እንደዚያችኛዋ ልጅ እንሆናለን» አለች ትንሿ።

«ባንሆንስ?»

«ባንሆንማ ሌላ እንፈልጋለን።»

እየተሳሳቁ ወጡ። ሚጢ በመስታወቱ በር በኩል መንገዱን እስኪሻገሩ ድረስ ተመለከተቻቸው።

በማግሥቱ ከሁሉ ቀድማ ሰሌዳው ወደቆመበት አዳራሽ ገባች። የመሀሉን ፎቶ ነቅላ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ሰሌዳው ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ቀረ፤ ዙሪያውን አምስት ፊቶች።

ፍልቅልቅ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«አውርጄዋለሁ» አለች ሚጢ ቶሎ ብላ። «ለማንም አልናገርም። እምልልሻለሁ። ግን ያላደረግነውን አደረግን ብዬ መለጠፍ አልችልም። እነዚያ ልጆች እኮ...»

«አልናገርም ትያለሽ?» ፍልቅልቅ ሰሌዳውን በጣቷ አሳየቻት። «እዪው እስቲ! የማን ፎቶ እንደጎደለ የማያውቅ አለ? ባዶው ቦታ ስሜን እየጠራ ነው። እናቴ ፊት!»

ሚጢ ዞር ብላ ሰሌዳውን አየችው። እውነቷን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ይቺ አልታየቻትም። ፎቶው ቢመለስ ውሸት ነው፤ ባይመለስ ጓደኛዋን ራሷ ሰሌዳ ላይ ልትሰቅላት ነው።

ፍልቅልቅ ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች።

ሚጢ ወንበር ስባ ወጣችበት። የሁለት ቁጥርን ፎቶ ነቀለች። የሦስትን፣ የአራትን፣ የአምስትን። መጨረሻ ላይ የራሷን።

«ምን እያደረግሽ ነው?!» መምህሯ በሩ ላይ ቆማለች። «ሃያ ደቂቃ ነው እኮ የቀረን!»

«ፎቶዎቹ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም ቲቸር።»

«ያለ ፎቶማ ማን ያይሻል? ውድድሩንስ ተውሽው ማለት ነው?»

ሚጢ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። አምስት ባዶ፣ አንድ ሙሉ።

አዳራሹ ሞላ። ተራዋ ሲደርስ በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ያዘች። የፍልቅልቅ እናት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ያንን የተሰቀለ ልብሷን ለብሳ፣ ልጇን በዓይኗ ትፈልጋለች። ፍልቅልቅ ኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሚጢ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ለብ ያለው ውሃ፣ ስለ ጆሮ ጀርባው ሙከራ ተናገረች። ሰሌዳው ላይ ከጽሑፍ በቀር ምንም የለም። አንድ ሰው አዛጋ።

ከዳኞቹ አንዱ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ እስክሪብቶውን ወደ ጠርሙሶቹ ቀሰረ። «ያ ለምን ሞላ?»

የምትፈራው ጥያቄ መጣ።

«ያቺ ተሳታፊ የኛን አልተጠቀመችም። ሌላ ነገር ስለተጠቀመች ከውጤቱ አውጥተናታል። የቀረነው አምስት ነን።»

«አምስታችሁስ?»

«ሦስታችን ትንሽ ተሻለን። አንዷ ድርቀቱ ለቀቃት፣ ብጉሩ ግን አለ። አንዷ ምንም። በስድስት ሳምንት ፊቱ የጠራ ማንም የለም። ምናልባት ጊዜው አንሶ ይሆናል። አላውቅም።»

«አላውቅም ነው መልሱ?» ከወላጆቹ መሀል ሳቅ ተሰማ።

ከኋላ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስድስተኛዋ ፈንድሻ ናት እንዴ?» አለ።

ጭንቅላቶች ዞሩ። የፍልቅልቅ እናት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሚጢ ወደ ኋላ ላለማየት ዓይኗን ልጁ ላይ ተከለች።

«ተሳታፊዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም» አለች። «ፊቱን ሊያስመረምር የፈለገ ካለ ግን እሱን መመዝገብ እችላለሁ።»

አሁን የተሳቀው በልጁ ነው። ቀጣዩ ሥራ ተጠራ፤ የውሃ ማጣሪያ ነበር፣ ጥሩ ማጣሪያ። አንደኛ የወጣውም እሱ ነው። ሚጢ ካርቶን ልታመጣ ወደ ቤተ ሙከራው ስትሄድ በሩ ላይ ካለው ወረቀት ከሠላሳ አንዱ ስሞች አሥራ ሁለቱ ተሰርዘው አገኘቻቸው። ቀሪዎቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ትንሿ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አልሰረዘችም።

አዳራሹ ሲበተን ጠርሙሶቹን በካርቶን ታስገባ ጀመር። ሙሉው ላይ ስትደርስ ከጀርባዋ ድምፅ መጣ።

«ከጠዋት ጀምሮ ልጠላሽ ስሞክር ዋልኩ።»

ሚጢ አልዞረችም። «እና?»

«አልጨረስኩም። ገና ነኝ።»

ፍልቅልቅ መጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል፤ ከእንባው ይሁን ከቅልቅሉ አይታወቅም። ሚጢ ከደብተሯ ፎቶውን አውጥታ ሰጠቻትና «እማ ዕቃውን ይዛ ትምጣ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ የቆዳ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ ብላለች፤ ስምሽን አልነገርኳትም» አለች። ፍልቅልቅ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ጠፍቶ እንደተገኘ ዘመድ። ከዚያ ለሁለት አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«እናቴ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው። እስካሁን ምንም አልጠየቀችኝም።»

«ትጠይቅሻለች።»

«አውቃለሁ።» በእግሯ ወለሉን ጫር ጫር አደረገች። «እናትሽ ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

ሚጢ ካርቶኑን ዘጋችው። «አሥራ አንድ።»

«ዕቃውን ልያዝ?»

«ያዢው።»

ፍልቅልቅ ቦርሳዋን ዳበሰች። ቀና ብላ በበሩ ወደ ሜዳው አየች። እስከ ውጭው በር ድረስ አንድም ዛፍ የለም፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጣቷን ወደ ጉንጯ ሰደደችና ሳትነካው መለሰችው።

ሚጢ ባዶውን ሰሌዳ አነሳችና አንዱን ጫፍ ይዛ ሌላውን ወደ ፍልቅልቅ ዘረጋችላት። ከአናታቸው በላይ ከፍ አደረጉት። ለሁለት ሰው ጠበብ ይል ነበርና ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ወጡ።