ሳይነካ የታየ ቁስል

በዚያች ጠባብ ቤት ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው አባት፣ እናት፣ እና ከሰው አገር ተምሮ የተመለሰው አንድ ልጃቸው። አባት ልጁን ለማስተማር ዕድሜውን ሙሉ ምድጃ ፊት ቆመ። እሳት ግን ውለታ ያውቃል? አንድ ማለዳ ነበልባሉ ወጥቶ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ለበለበው...

ልጁ ይዞት የተመለሰው መሣሪያ ለዚህ ቀን የተሠራ ይመስል ነበር። ቴራኸርትዝ የሚባለው ጨረሩ እንደ ራጅ አይጎዳም፤ በደረቅ ፋሻ አልፎ፣ ቁስሉ ሳይፈታ፣ ሳይነካ፣ ከሥር ያለውን ቆዳ ያሳያል። ውኃ ሲያገኝ ግን እዚያው ይዋጥና ምስሉ ይጠቁራል። የጠለቀ ቃጠሎ ከሥሩ ውኃ ስለሚቋጥር፣ ጥቁረቱ ቃጠሎው መጥለቁን ይናገራል፤ እንዲያ ነበር የተማረው።

"ጨርቅ ሳይፈታ ያያል አሉኝ" አለ አባት በአሥረኛው ቀን ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ እየሳቀ። "በል፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሲጋራ ለእናትህ እንዳትነግርብኝ!"

እናት አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ልጁ ጨረሩን በፋሻው ላይ አሳለፈ፤ ምስሉ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

ቀዶ ሐኪሟ አመነታች። "አባትህ ልባቸው ደካማ ነው፤ ማደንዘዣውን እፈራለሁ። ቃጠሎው ላይ ላዩን ከሆነ በራሱ ይድናል፣ አልነካውም፤ ከጠለቀ ግን ቀዶ ጥገና ግድ ነው። እርግጠኛ ነህ?"

በነገር ሁሉ ሲጠራጠር የኖረው ልጅ ያን ቀን ብቻ አልተጠራጠረም።

"ጠልቋል" አለ።

ፋሻው የተፈታው አባት በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ነው። ከሥሩ ምን ተገኘ? ለጋ፣ ቀላ ያለ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የሚያበራ አዲስ ቆዳ! ሐኪሟ ቢላዋዋን መልሳ አስቀመጠች። የአባት ልብ ግን አልጠበቃትም... ጋጋሪው የዳነ እጁን ይዞ ሞተ።

ከቀብር መልስ ልጅ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ያን ቀን ፋሻውን ውኃ ነክቶት ነበር?"

"የምን ውኃ? አንተ ከመምጣትህ በፊት እጁን አቅፌ ፋሻው እስኪርስ አለቀስኩ እንጂ። 'ተይ፣ ልጁ ይደነግጣል' ሲለኝ ፊቴን ጠረግኩ። ምነው?"

ፊቷንስ ጠረገች፤ ፋሻውን ማን ይጥረገው? እንባዋ ነው የገደለው? አይደለም! አንድ ጣት ዘርግቶ ፋሻውን ያልዳሰሰው ልጅ ነው። ዓይነ ስውር እንኳ ዳስሶ ያውቀው ነበር! ነገር ግን እርጥበቱን ካነሣባት፣ ይህቺ ሴት ከእንግዲህ እንዴት ብላ ታልቅስ?

"ንገረኝ እንጂ! አባትህን ምን ገደለብኝ?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። በደንብ አላየሁም።"

እናት ቀስ ብላ ቀና አለች። "ያን ሁሉ ዓመት ያጣሁህ ለዚህ ነው? ጨርቅ ሳይፈታ የሚያይ ዓይንህን አፈር ይብላው! ውጣልኝ!"

ወጣ። ጥላቻ የሚገድለውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ ፍቅር እጅ ያስገባበትን ሞት ግን ለማን ይከሱታል? ዕጣ ፈንታ ለአንዱ እንባ ትሰጣለች፣ ለሌላው ዝምታ።

በሩ ከኋላው ሲዘጋ የእናቱን ልቅሶ ሰማ። እንደ ልቧ ታልቅስ... አሁን የሚርስ ፋሻ የለም።