በሙጫ የተዘጋው የሸረሪት በር

ልጆች፣ የዛሬዋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር፣ ጓሮው አፈር ብቻ በሆነ ቤት ነው። ያየችውን ሁሉ ካልነካካች ስለማይሆንላት የቤት ስሟ «እስኪ ልየው» ነበር።

የአክስቷ ሥራ ሸረሪት ማጥናት ነው። የጓሮው ሸረሪቶች እንደምታውቋቸው ድር አይዘረጉም፤ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ዶማቸው አፋቸው ላይ ነው፤ መንጋጋቸው ጫፍ ላይ ጠንካራ እሾሆች ተደርድረዋል። ጉድጓዱን በድራቸው ይለስኑና ከአፈርና ከድር ክዳን ይሠሩለታል። ክዳኑ እንደ በር ማጠፊያ አለው። ሲመሽ ገርበብ አድርገው ያደባሉ፤ ጉንዳን ሲያልፍ ላፍ ነው።

አክስቷ በየጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር ያለው ችካል ተክላለች። «ማየት እንጂ መክፈት የለም» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት እስኪ ልየው የሰባተኛዋን ሸረሪት ክዳን በፀጉር መያዣ ፈለቀቀችው። ሸረሪቷ ከውስጥ በጥርሷና በእግሮቿ ይዛ ጎተተች። ልጅቷም ጎተተች። ማጠፊያው ተበጠሰ።

ሮጣ የደብተር ሙጫ አመጣች። የክዳኑን ዙሪያ ቀብታ መለሰችው። መቼም አለጣጠፉን ታውቅበታለች፤ ምንም የተነካ አይመስልም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እራት ላይ አክስቷ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ሰባተኛዋ ሁለት ቀን ሙሉ አልከፈተችም። ምን ሆና ይሆን?»

«ደክሟት ይሆናል» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነች፤ አንድ ቀን ደክሟት አያውቅም።»

ልጅቷ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ሸረሪቷ በሙጫ ተዘግታ በረሃብ ልትሞት እንደምትችል ገባት።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ። ክዳኑን ሰበርኩትና በሙጫ ለጠፍኩት።»

አክስቷ ተነሳች። ቀጭን ቢላ ያዘች፤ ለልጅቷ ባትሪ ሰጠቻት። ሙጫው ተፋቀ፤ ክዳኑ ተነሳ። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ከጥልቁ አንድ እግር ተንቀሳቀሰ።

«በመስበርሽ ተቆጥቻለሁ» አለች አክስቷ። «በመለጠፍሽ ግን አዝኛለሁ። የተሰበረውን ራሷ ትሠራዋለች፤ ሙጫ ግን ከአቅሟ በላይ ነው።»

ልጅቷ አለቀሰች። እግዚአብሔርንም አክስቷንም ይቅርታ ጠየቀች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉድጓዱ ላይ አዲስ ስስ ክዳን ተገኘ። እስኪ ልየው እጆቿን ከኋላ አጣምራ ጎንበስ ብላ አየችው። አክስቷ ማስታወሻዋንና እርሳስ ሰጠቻት።

«ዛሬ አንቺ ጻፊው።»

«ሰባተኛዋ በር ሠርታለች» ብላ ጻፈች።

ልጆች፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እናንተ ግን እስኪያድር አትጠብቁ፣ ያጠፋችሁትን ዕለቱን ተናገሩ።