ካልጠሯቸው የማይወጡ

ጥሩብርሃን መጀመሪያ ልደቱ ዘንድ የመጣችው ልትቆጣው ነበር።

ልደቱ ኮተቤ ውስጥ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውት ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ከቤቱ ጀርባ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት አለ፤ መዘምራኑ ልምምድ ሲጀምሩ የጌሙ ጩኸት ግድግዳውን ጥሶ ይገባባቸዋል።

«ወንድም፣ እኛ ስለ ሰማይ እየዘመርን እዚህ ሰው ይታረዳል» አለችው በሩ ላይ ቆማ።

ድምፁን ቀነሰላት። መሄድ ነበረባት፤ ግን ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ። አንድ ጨለማ ፋብሪካ ውስጥ ቀጫጭን ፍጡራን ጎንበስ ብለው ወለል ይጠርጋሉ። ልደቱ አፍሮ እያቀረቀረ አስረዳት። ሁሉም ባሪያዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ አምልጦ ሌሎቹን ሊያወጣ ይሞክራል። ሲጠራቸው ይከተሉታል፣ ቁሙ ሲላቸው ይቆማሉ። መንገዱን ከተሳሳተ ማሽኑ ይጨፈልቃቸዋል።

«በሩ እኮ ክፍት ነው። ለምን ራሳቸው አይወጡም?»

«ካልጠሯቸው አይንቀሳቀሱም።»

«ያሳዝናሉ» አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ብቅ ትል ጀመር። አጨዋወቷ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ሠራተኛ ትታ መውጣት አይሆንላትም። አንዱ ከሞተባት ሁሉንም እንደገና ትጀምራለች። ተራ የሚጠብቁት ጎረምሶች «እህታችን፣ እነሱ እስኪወጡ እኛ ጡረታ ልንወጣ ነው» እያሉ ይቀልዱባታል። ልደቱ ቴሌቪዥኑን ማየት ትቶ ጣቶቿን ያያል። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ።

በጥር መጨረሻ አንድ ከሰዓት ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ወጡ። ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ቪዛዋ እየተጠበቀ መሆኑን እዚያ ነገረችው። ደላላው አባቷን አቶ ዋቅጅራን አሳምኗቸዋል፤ ልባቸው ግን አልቆረጠም።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው፣ ቅጠል እየቀደደች። «የሚጠይቀኝ ሰው ካለ አባዬ አይልከኝም።»

«እኔ የማርያም ልጅ፣ አንቺ ጴንጤ። እሺ ይላሉ?»

«እሱን ለአባዬ ተወው። አንተ ብቻ ላክ።»

ልደቱን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ኃይለ መስቀል የእንጦጦ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በሃይማኖቱ ነገር አንገራገሩ፤ ኋላ ግን የልጁን ፊት አይተው፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ በቅበላው ሳምንት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሄዱ። ሲመለሱ «ጊዜ ስጡን ብለዋል። በጾም ሠርግ የለ፣ ምን ያስቸኩላል? ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን» አሉት።

«ቪዛው ቢመጣስ ጋሼ?»

«የተጠየቀች ልጅ ማን ባሕር ማዶ ይልካል? አንተ ቁጭ በል። ሽማግሌ ልኮ ከልጅቷ ጋር መታየት ነውር ነው።»

ልደቱ ቁጭ አለ። ጸሎት ቤቱ ሲዘምር ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ ድምጿን ለመለየት ይሞክራል። አንድ ሰሞን የለየ መሰለው። ከዚያ በኋላ ምንም መለየት አልቻለም፤ ስለምታፍር እንጂ ስለሄደች ነው ብሎ አላሰበም፤ ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጠረው።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሄደው ሳይቀመጡ ተመለሱ። አጎቱ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በማግስቱ ልደቱ ራሱ ሄዶ የአቶ ዋቅጅራን በር አንኳኳ።

አባትየው ትክ ብለው አዩት።

«ልደቱ ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ብቻውን አይበቃም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ልጁ ራሱ ይምጣና ከአፉ ልስማው ብዬ በአጎትህ ልኬብህ ነበር። ሃይማኖትህን ልጠይቅህ አልነበረም። ልጄን ትወዳት እንደሆነ ነበር የምጠይቅህ።» በሩን ደገፍ አሉ። «እስኪመሽ ጠበቅንህ። በሚቀጥለው ሳምንት ቪዛው መጣ። ልሂድ አለች፤ ምን ብዬ ላስቀራት?»

ቤት ተመልሶ ሲጠይቃቸው አጎቱ መልእክቱን መደበቃቸውን አልካዱም። ያገባ ዘንድ የሚለምን ወጣት አማት ቤት ቀርቦ እንደ ተከሳሽ ሲጠየቅ በዘራቸው አይተው አያውቁም። «እንድትዋረድ አልፈለግሁም፤ የሚጎዳህም አልመሰለኝም» አሉት። ሊቆጣቸው ፈለገ፤ ግን ቁጣው ራሱ ላይ ዞረ። ጸሎት ቤቱ እኮ ከግድግዳው ማዶ ነበር።

ሐምሌ ላይ ባለሱቋ መሠረት ስልክ አለህ ብላ ጠራችው። መዘምራኑም በዚሁ ስልክ ይደዋወሉ ነበር።

«ለምን አልመጣህም?» ጥሩብርሃን ታንሾካሹካለች።

«አልነገሩኝም። እስከ ፋሲካ ድረስ አላወቅሁም።»

 

«እኔኮ ጠልቶኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት» አለች።

«ተመለሽ። ዛሬውኑ ተመለሽ።»

«ፓስፖርቴ ሴትዮዋ ጋ ነው። ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉብኛል።»

የጌሙን ፋብሪካ በሮች ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል፤ ይህን በር ግን አያውቀውም።

«እመጣለሁ» አላት። ፓስፖርት የለው፣ አገሩን በካርታ እንኳ አያውቀው። እሷም ይህን ታውቃለች።

«መቼ?» አለችው፣ ልጅ እንደምታባብል ለስለስ ብላ። «እሑድ?»

«እሑድ» አላት።

ከማዶ ቁልፍ በር ውስጥ ሲዞር ሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።