ደም ያልነካው ቦል ጆይንት

ሹፌሩ ይታየው ለመኪና ውድድር ያሰናዳት አሮጌ ኮሮላ ከንፋስ መውጫ በታች ካለው ቁልቁለት ተገልብጣ፣ እሱም ውስጧ ሞቶ ተገኘ። ግራ ጎማዋ ተገንጥሎ ገደሉ አፍ ላይ ቀርቷል። ከተማው ሬሳው ሳይቀበር ፈርዶ ጨረሰ፦ ገዳዩ መካኒኩ ነስሩ ነው! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያናድዳታልና፣ ኢንስፔክተር የትናየት ማንንም ሳትሰማ መኪናዋ ሥር ገባች።

ከሥሯ ያወጣችውን ብረት ይዛ፣ ታስሮ የነበረውን ነስሩን ጣቢያ አገኘችው።

«ጎማውን የሚይዘውን ቦል ጆይንት ማን መረጠው?»

«እኔ፣ ከሦስት አንዱን። ለውድድር የሚሆነው ኳሱ በቤቱ ውስጥ ሳይላላም ሳይጨናነቅም የሚዞረው ነው። ይሄ የያዙት ግን አውልቄ የጣልኩት አሮጌው ነው፣ ወላሂ!»

«ከዚያስ?»

«ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አስረክቤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄድኩ። የተመለስኩት መርዶውን ሰምቼ ነው።»

ተጠባባቂውን ሹፌር መሐሪን ጠየቀችው።

«በይታየው አልቀናህም?»

«ቀንቻለሁ፤ ምን ይደበቃል? ግን ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ በሩ ላይ በግ አሳርደው መኪናዋ ደሙን ረግጣ ስትገባ፣ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ ነድቷት እስከሞተበት ቀን ድረስ ከገበሬው ወንድሙ ከሞላ ጋር እየተፈራረቅን ጠበቅናት።»

በሣልስቱ ሁሉንም ለቅሶው ቤት ሰበሰበቻቸው። እናትየው እማማ ቦጋለች ከሞላ ጎን ተቀምጠዋል።

«ግራ ጎማዋ ሥር ያለው ብረት ሁሉ የበጉ ደም ተረጭቶበታል። ይህ ቦል ጆይንት ግን ጠብታ የለበትም። የተለወጠው ከእርዱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ነስሩ እዚህ አልነበረም።»

ሰው ሁሉ ወደ መሐሪ ዞረ።

«እሱም አይደለም። የብሎኑ መቆለፊያ ሽቦ ሲሰበርበት፣ የለወጠው ሰው በዚህ ጠፍር አስሮታል። ቋጠሮው በሬ ሲጠመድ ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት ነው። መሐሪ የከተማ ልጅ ነው፤ ቀንበር ነክቶ አያውቅም። ደግሞስ ሊገድል ያሰበ ሰው ብሎን ያስራል? ብሎኑ አሁንም አልላላም። ያመለጠው ያረጀው ኳስ ነው።»

ሞላ ተነሣ። ከገብሱ ጎታ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን አዲሱን ቦል ጆይንት አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው።

«መሪው ሲንቀጠቀጥበት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል ብዬ ነው» አለ። «ለውድድሩ አዲስ አበባ ከሄደ አይመለስም። ማንን ይዤ አርሳለሁ? መልሼ ልገጥመው ነበር፣ እመብርሃን ምስክሬ ናት!»

ነስሩ ነጻ ወጣ፤ ግን ደስ አላለውም። የትናየትም ልቧ ተሰበረ። እማማ ቦጋለች እጃቸውን ዘርግተው ጠፍሩን ተቀበሏት።

«አጥብቀህ አስረኸው ነበር፣ ልጄ» አሉት ሞላን።

ቋጠሮውን ሊፈቱት ሞከሩ፤ አልፈታ አላቸው።