ሲያሸበሽብ የሚጸና እግር

ደሃና ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ደብር ቄሰ ገበዝ ሆኜ ዐሥራ ሁለት ዓመት አገለገልኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ስለያዝኩ የሰው ልብም የሚከፈትልኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ስሕተት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

የደብራችንን መሪጌታ ገብረ ጻድቅን ባለፈው ክረምት ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውኃ ታናሽ ወንድማቸውን ከእጃቸው ነጠቃቸው። ከአርባው ማግሥት ጀምሮ ቀኝ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ዲያቆናት ካልደገፏቸው ከቤታቸው ደጀ ሰላም አይደርሱም። ጠያቂው ሁሉ ዓይኑን እግራቸው ላይ ተክሎ “እስቲ ዛሬስ?” ይላቸዋል። መቋሚያ ይዘው ማሸብሸብ ሲጀምሩ ግን እግሩ ጸጥ ይላል።

“ሲራመድ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲያሸበሽብ የሚጸና ምን ዓይነት በሽታ ነው? ያስመስላል” አልኩ በሰንበቴው ፊት። አንድ እሑድም ሰንበቴው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ዳዊት በምጠርዝበት ወስፌ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ወጋሁት። ደንግጠው ተነሡ። “ይኸው፣ ይሰማዋል” አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ እግሩ ባሰበት፤ እሳቸውም ከቤት መውጣት ተዉ። የደብሩ ሽማግሌዎች እስከ ሚያዝያ ጊዮርጊስ ያለ ደጋፊ በእግራቸው ካልመጡ ሌላ መሪጌታ እንዲሾም ወሰኑ። ሰውየው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሥራ ዜማ ብቻ ነው።

እኔ ሰቆጣ ሆስፒታል ድረስ የሸኘኋቸው “ምንም የለበትም” የሚል ወረቀት ይዤ ልመለስ ብዬ ነበር። እስከዳር የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መረመረቻቸው።

“ያስመስላል፣ አይደል?” አልኳት።

“አያስመስሉም፣ አባ። አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው። አእምሮ እግርን የሚያዝበት መንገድ በድንጋጤና በሐዘን ተዛብቶ ነው። እሳቸው ፈልገው አላመጡትም።”

“ታዲያ ሲያሸበሽብ ለምን ይተወዋል?”

ከወንበሯ ተነሣች። “ይተዋቸዋል? ይህን እስከ ዛሬ ለማን ነገሩ?”

ለሰንበቴው ሁሉ ነግሬአለሁ። ለሐኪም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

“እርስዎ መዳኛቸውን ይዘውት ከርመዋል እኮ” አለችኝ። “ሐሳባቸው ከእግራቸው ወደ ዜማው ሲሄድ እግሩ ይታዘዛል ማለት ነው። በሉ አሁን ያዚሙላቸው።”

አዜምኩ። መሪጌታ ወደ ፊት እያዩ በዜማው ልክ ተወዛወዙ፤ ውዝዋዜው እርምጃ ሆነ፤ ያለ ደጋፊ አራት ተራመዱ። አምስተኛው ላይ እግራቸውን አዩት፣ ተንቀጠቀጠ።

“ይህ ልምምድ ወራት ይፈልጋል” አለች። “አትደግፏቸው። ‘እግርዎስ?’ እያላችሁም አትጠይቁ። ስለ ወንድማቸው ግን ያውሩ፤ አድምጧቸው።”

“ጸበሉስ?”

“ይጠመቁ። ልምምዱንም አያቋርጡ።”

ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ደጃቸው እየሄድኩ አዜምኩ። የጊዮርጊስ ዕለት ብቻቸውን መጡ። ከደጀ ሰላሙ ፊት እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ሊደግፍ ተንጋጋ፤ እጄን ዘርግቼ ከለከልኩት። ከዚያ ማዜም ጀመርኩ። ቀስ ብለው ተወዛወዙ፣ ገቡ።

በሰንበቴው ተነሥቼ ስለ ወስፌው ተናዘዝኩ። “ወገኖቼ፣ ያልገባችሁን ሕመም ውሸት አትበሉት፤ ያያችሁትን ለሐሜት ሳይሆን ለሐኪም ንገሩ” አልኩ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቃቸው መሪጌታ አነሡኝ።

“ቄሰ ገበዝ፣ የወስፌው ቁስል በሦስት ቀን ሽሯል” አሉኝ። “‘ያስመስላል’ ያሉኝ ግን ገና ነው። እሱም ልምምድ ይፈልጋል፤ ነገም በማለዳ ይምጡ።”