የሐኪሙ የተቆለፈ ሳጥን

ወላዷ ዓይኗ በጨርቅ እንደታሰረ አልጋዋ ላይ ሞታለች። ልጇ በሚቀጥለው ክፍል አያቱ እቅፍ ውስጥ ያለቅሳል፤ ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ደም ፈሷት ነው» አለ ሐኪሙ፣ ሳጥኑን በእግሮቹ መካከል አድርጎ። «አዋላጇ ሁለት ቀን ሙሉ ስታሠቃያት ከርማ ነው የተጠራሁት።»

«ድሮም እጇን አላምነውም» አሉ አማትየው፣ ሕፃኑን እንዳቀፉ ከሚቀጥለው ክፍል።

የሞቷን ምክንያት ሊያጣራ የመጣው መርማሪ አንሶላውን ገለጠ። ደም ነበረ፤ ሰው የሚገድል ግን አልነበረም። የሟቿ ከንፈር ጠቁሯል። ከጥርሷ መካከል ነጭ ክር መዞ አወጣ፤ ትራሱን አገላብጦ አየ።

አዋላጇን ለብቻዋ ጠራት።

«ዓይኗን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ። መሣሪያዬን ሰው አያይብኝም፣ ካልታሰረች አልሠራም አለ ሐኪሙ። ቋጠሮው እንዳይቆረቁራት በጎን አሰርኩላት። ከዚያ እኔንም አስወጣኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልጁ አለቀሰ። ለአያቱ በበር አቀበላቸውና መልሶ ዘጋ። እሷ ስትስቅ ሰማኋት፤ ‹ማንኪያ!› አለች። ውሃ በማንኪያ የፈለገች መስሎኝ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ...» እጇን ዘረጋች። ማንኪያው እስካሁን አልተለያትም።

መርማሪው ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ደም የገደለው ሰው ትራስ አይነክስም። ታፍና ነው። አዋላጇ ማድ ቤት ስትገባ ባልየው አይቷታል። እናቱም ሕፃኑን ታቅፈው ከእሱ ጋር ነበሩ። በጎን የታሰረው ቋጠሮ ደግሞ አሁን ማጅራቷ ላይ ነው። ጨርቁን ፈትታ አይታለች፤ ከሞተች በኋላ መልሶ ያሰረላት ሰው አለ። ምን አየች?»

የሕፃኑን ኮፍያ አወለቀ። ግራና ቀኝ ጆሮው አጠገብ ማንኪያ የሚያህሉ ሁለት ሰንበሮች ወጥተዋል።

«ክፈተው፣ ሐኪም!»

በሳጥኑ ውስጥ እንደ ትልልቅ ማንኪያ የጎበጡ፣ እንደ ጉጠት የሚጋጠሙ ሁለት ብረቶች ነበሩ።

«አልወጣ ያለ ልጅ ማውጫ ነው፤ አያቴ የሠራው» አለ ሐኪሙ። «ሦስት ትውልድ ደብቀን ኖረንበታል። ለአዋላጄ እነግራታለሁ ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ አዋላጅ ሁሉ ሊይዘው!»

አዋላጇ ብረቱን አንስታ አገላበጠችው። ልጅ አልወጣ ብሎ እጇ ላይ የሞቱባትን እናቶች አስታወሰች።

«ይኼ እያለ ነው?» አለች።

መርማሪው ሐኪሙን ይዞ ሊወጣ ሲል አማትየው በሩ ላይ ቆሙ።

«አንድ ወር ብቻ ታገሠው፣ ልጄ። ሴቷ ልጄ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች።»

«ሟቿም የሰው ልጅ ነበረች፣ እማማ።»

«እሷማ አንዴ ሞታለች» አሉ።