የረጋው ባሕር ፎቶ

መዓዛ የደወለችው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ትርፌ ዴንቨር ኤርፖርት ውስጥ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋች ነበር። ሰላምታ የለም፣ እንደምን አደርሽ የለም። «ነገ ባሌን እንደ ውሻ ሊቀብሩብኝ ነው። ድረሺልኝ» አለችና ዘጋችው።

እንደ ውሻ መቀበር ያለችው ያለ ፍትሐት መቀበርን ነው። ባሏ ሀይለማርያም ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ። አስከሬኑ ከኦሬገን መጥቶ ዴንቨር ፊውነራል ሆም ውስጥ ተኝቷል። ቀብሩ ለሐሙስ ተቀጥሯል፤ ቀሲስ ኪዳኔ ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አላደርስም ብለዋል። ሀይለማርያም ራሱን ማጥፋቱን ማን ነገራቸው? ማንም፤ ሁሉም። የኛ ሰው ለእርዳታ ሲጠራ ትራፊክ ያዘኝ ይላል፣ ወሬ ሲሆን ግን ከቶርንተን አውሮራ በአንድ ትንፋሽ ይደርሳል።

ትርፌ አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። እዚህ ዊልቸር ትገፋለች። የሚያውቋት በግማሽ ቀልድ «ኢንስፔክተር» ይሏታል፤ እሷም አትስቅም፣ አትቆጣም። ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ በቀጥታ ሴንቴኒያል ወዳለው የመዓዛ ቤት ነዳች።

ሀይለማርያም አውሮራ ውስጥ የተጋባውን ሐበሻ ሁሉ ያነሳ ፎቶግራፈር ነበር። ሠርጉ እንጀራው ነው፤ ልቡ ያለው ግን ኦሬገን ባሕር ዳር፣ ለመርከቦች መንገድ በሚያሳይ አንድ ነጭ የመብራት ማማ ላይ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሃያ ሰዓት ተነድቶ ይኬዳል። ማማውን አንዴ ባሕሩ ረግቶ፣ አንዴ ማዕበል ሲንጠው ያነሳና ሁለቱን ጎን ለጎን በፍሬም ያሰቅላቸዋል። ባሕሩ እስኪረጋ ስንት ቀን ብርድ ላይ እንደቆመ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማው ነበር።

ዘንድሮ አብረውት የሄዱት ሦስት ናቸው። እንዳልክ አሥር ዓመት ረዳቱ የነበረ፣ ስምረት ፎቶ የምትማር ነርስ፣ ለገሠ ደግሞ የመዓዛ ታናሽ ወንድም፤ የካሜራ ነገር የማያውቅ፣ ሾፌር ሆኖ የሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ሀይለማርያም ማማው ጋ ወጣ፣ አልተመለሰም። ካሜራው ገደሉ አፋፍ ላይ በትሪፖዱ ቆሞ ተገኘ። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ማማው ቆሟል፣ ከሥሩ ባሕሩ እንደ ኩሬ ተኝቷል። በአራተኛው ቀን ባሕሩ ሬሳውን ጃኬቱንና ጫማውን ገፎ መለሰው። የዚያ ካውንቲ ሰዎች ሰምጦ መሞቱን ጻፉ፤ እንዴት ባሕር እንደገባ ግን አልታወቀም አሉ። የኛ ሰዎች ግን አወቁ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ። እንዲህ ከረጋ ባሕር ሰው የሚወስድ ማዕበል አይነሳም፣ በገዛ እግሩ ነው የገባው ተባለ። የባሰባቸው ደግሞ ለዚያች ነርስ ሲል ነው አሉ።

ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። መዓዛ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ደርቋል። ትርፌ ጎኗ ተቀመጠችና ፎቶውን መጀመሪያ ማን እንዳሳያት በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«ለገሠ ነው። እንዳይከፋኝ ብሎ። ባሕሩ ሰላም ነበር፣ አልተሰቃየም አለኝ» አለች መዓዛ። «ትርፌ፣ ለፋሲካ ማግስት ልጁን ሊድር አዳራሽ የያዘ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

«እሱን እስከ ማታ እነግርሻለሁ።»

ንፍሮ እየዞረ ነበር። ለገሠ በሩ ጥግ ካሉት ወንዶች መሀል ተቀምጦ፣ ሳህኑ ሲደርሰው ግራ እጁን ዘረጋ። ትርፌ አየችው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ከኦሬገን ሲመለሱ የመኪናው ራዲያተር እንዳቃጠለው ነገራት። እግዜር ይማርህ አለችው። ምግብ በግራ የሚቀበል ልጅ እናቱ ትመታዋለች፤ ያደገ ሰው በለቅሶ ቤት ይህን ያህል ሰው ፊት በግራው ከተቀበለ ቀኙ በጣም ታሟል ማለት ነው።

ቀሲስ ኪዳኔን ጓዳ ውስጥ አገኘቻቸው። አዝነዋል፣ ግን ፍንክች አይሉም። አስከሬኑን ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ያጠቡት እሳቸው ስለነበሩ ሰውነቱ ላይ ምን እንዳዩ ጠየቀቻቸው።

«ብዙ ቆስሏል። ዓለት ነው መቼስ» አሉ። «ወገቡ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ሰንበር አለ። መቀነት የታጠቀ ይመስል ነበር።»

«ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን።»

«ዓለት ሰውን ዙሪያውን አይመታም፣ አባታችን» አለች ትርፌ። እሳቸውም ጢማቸውን አሻሹ።

ስምረት ለቅሶው ቤት አልመጣችም፤ እንዴት ትምጣ? ትርፌ ቻምበርስ ሮድ አጠገብ ካለው አፓርትመንቷ ሄደች። ልጅቷ ከሥራ የገባችበትን የነርስ ልብስ ሳታወልቅ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። የሚወራባትን ሰምታለች። ትርፌ ስለ ወሬው አንድም ቃል አላነሳችም፣ የዚያን ቀን ጠዋት ብቻ ጠየቀቻት። ሞቴላቸው ከኮረብታው ጀርባ ስለነበር ባሕሩ አይታይም፣ አይሰማም፤ ለፍለጋ ማማው ጋ የደረሰችውም ከሰዓት ነው፣ ያኔ ባሕሩ ጋብ ብሏል። እንዳልክ መንገድ ላይ የበላው ነገር ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሯል፤ እሷ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ውሃና ጨው ስትሰጠው ነበር። ለገሠ ሀይለማርያምን አድርሶ ቤንዚን ልቀዳ ሄጄ ነበር ብሏል።

«መኪናው ውስጥ የጎደለ እቃ አለ?»

ስምረት አሰበች። «ገመዱ» አለች። «ሰማያዊ ወፍራም ገመድ። ጋሼ ማዕበል ሲኖር ታች ዓለቱ ላይ ወርዶ ውሃውን ሳያይ ካሜራውን አይነካም። ሲወርድ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ፣ ሌላውን የማማው ዙሪያ የብረት አጥር ላይ ያስራል፤ አንድ ሰው ደግሞ መሀሉን ይይዛል። ገመድ ያዡ ሁልጊዜ እንዳልክ ነው። ስንመለስ እቃውን የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ገመዱ አልነበረም። ባሕሩ ግን ረግቶ ነበር ሲሉኝ ገመድ ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት፣ እትዬ።»

ትርፌ ወደ ሴንቴኒያል ተመለሰችና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉት ሁለት የአምና ፎቶዎች ፊት ቆመች። በአንዱ ማዕበሉ የማማውን ግማሽ ያህል ወጥቷል፣ በሌላው ባሕሩ ለጥ ብሏል። ለቀስተኛው ፎቶ እያደነቀች መሰለው። እሷ ግን ባሕሩን አላየችም፤ የምታየው ማማውን ነበር። በተቀደደ ደመና መሀል የወጣች ፀሐይ የብረት አጥሩን ጥላ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥላለች። በማዕበሉ ፎቶ ላይ ጥላው መስኮቱን ከግማሹ ይቆርጠዋል። በረጋውም ፎቶ ጥላው እዚያው ነው፤ ጣት ታህል አልተነቃነቀም።

እንዳልክን ፓርክ ባደረገው መኪናው ውስጥ አገኘችውና ጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«ሁለቱ ፎቶዎች በስንት ቀን ልዩነት ተነሱ?»

«ጋሼ አንዳንዴ ሳምንት ይጠብቅ ነበር።»

«ሳምንት ተጠብቆ ጥላው እዚያው መስኮት ላይ ነው?»

እንዳልክ መሪውን ጨበጠ። «ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ፣ እትዬ።»

«ነገ ያለ ፍትሐት ሲቀበር መሐላህ ምን ይፈይድለታል?»

ልጁ እንባው መጣ። ሁለቱም የሚነሱት በአንድ ጠዋት፣ በማዕበል መሆኑን ነገራት። መጀመሪያ ካሜራው ዓይኑን በቅጽበት ከፍቶ ይዘጋል፤ ማዕበሉ እንደተነሳ ይያዛል። ከዚያ ጥቁር መስታወት ይገጠምለትና አራት ደቂቃ ሙሉ ተከፍቶ ይቆያል። ማዕበሉ ሲመጣ ሲሄድ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ይጠፋፋል፣ ፎቶው ላይ ለስልሶ ኩሬ ይመስላል። ማማው አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ጥርት ብሎ ይወጣል።

«የረጋ ባሕር ጋሼ አንስቶ አያውቅም» አለ። «ሰው አታላይ እንዳይለው ፈራሁ። ለራሴም ፈራሁ። ገመድ ያዡ የት ነበርክ ቢሉኝ ተኝቼ ነበር ልል ነው?»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትርፌ ለቀስተኛውን ጨዋ በሆነ መንገድ ወደ ግቢ አስወጣች። ሳሎን የቀሩት መዓዛ፣ ቀሲስ ኪዳኔ፣ እንዳልክና ለገሠ ናቸው። ስምረትንም ራሷ ይዛት መጥታለች፤ መዓዛ ቀና ብላ አየቻት። ትርፌ ከኦሬገን የተመለሰውን ካሜራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሳትቸኩል ጀመረች።

መጀመሪያ እንዳልክ ስለ ፎቶው የነገራትን እሱው እንዲደግመው አደረገች። ቀሲስ ተነስተው ሁለቱን ፎቶዎች በመነጽራቸው አዩ፣ ጥላውንም አዩ።

«ስለዚህ ባሕሩ አልረጋም ነበር» አለች ትርፌ። «ይሄ ፎቶ የተነሳው በማዕበል ነው። ማዕበል ካለ ሀይለማርያም ያለ ገመድ ዓለት ላይ አይወርድም። ታጥቆ ነበር፣ ሰንበሩን አባታችን በዓይናቸው አይተዋል። ሊሞት የሚሄድ ሰው ገመድ አይታጠቅም። ገመዱ ከጃኬቱ ጋር ባሕር ገብቷል። ታዲያ ሌላውን ጫፍ ማን ይዞት ነበር?»

ካሜራውን ከፍታ ውስጡ የቀረውን ፎቶ አሳየቻቸው።

«የፎቶው ቁጥር አሥራ አራት ነው። ሀይለማርያም ካሜራውን በየጠዋቱ ከአንድ ነው የሚያስጀምረው ይላል እንዳልክ። አሥራ ሦስቱን አንድ ሰው አጥፍቷል፤ ማዕበል ስለሚታይባቸው። አሥራ አራተኛውን ግን ተወው፣ እንዲያውም ምስክር አደረገው። እንዳልክ ቢሆን መጀመሪያ የሚያጠፋው ይሄንኑ ነበር፤ እንዴት እንደተነሳ ያውቃላ። ይሄን ፎቶ አምኖ ያዞረ ሰው ካሜራ የማያውቅ ሰው ነው። ለገሠ፣ እስቲ ፋሻውን ፍታው።»

ለገሠ እህቱን አያት። ከዚያ በግራ እጁ ፋሻውን ፈታ። መዳፉን ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ድረስ ገመድ ልጦታል።

የተናዘዘው እየተንተባተበ ነው። እንዳልክ ስለታመመ ገመዱን እኔ ልያዝ ብሎ ለመነ። ሀይለማርያም አጥሩ ላይ እሰረው ብሎት ወረደ። እሱ ግን ሁልጊዜ ሾፌር፣ ሁልጊዜ እቃ ተሸካሚ መሆኑ አንገብግቦት ኖሮ፣ እኔ እያለሁ አጥር ምን ያደርጋል ብሎ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለው። ሀይለማርያም ማዕበሉን አይቶ ወጣ፣ ሁሉንም አነሳ፤ ካሜራው የመጨረሻውን አራት ደቂቃ እየቆጠረ ሳለ የወደቀ የሌንስ ክዳን ሊያነሳ መልሶ ወረደ። ያኔ ማዕበሉ መጣ። ገመዱ ለገሠን በደረቱ እየጎተተ አፋፍ ሲያደርሰው እጁን ከፈተ። አንድ ጊዜ የሀይለማርያምን ራስ አየ፣ ደግሞ አላየውም። አርባ ደቂቃ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፣ ለማንም አልደወለም። ከዚያ ካሜራውን ከፈተ፤ ማዕበል፣ ማዕበል፣ መጨረሻ ላይ የረጋ ባሕር።

«እግዜር ያዘጋጀልኝ መሰለኝ» አለ። «ፈራሁ፣ እታለም። ይዞኝ ሊሄድ ነበር።»

መዓዛ ዓይኗን ከተላጠው መዳፉ ላይ አላነሳችም። ለገሠን እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ ተረክባ ያሳደገችው እሷ ናት፣ አሜሪካም ያመጡት እሷና ሀይለማርያም ናቸው።

«ፈራህ፤ እሺ፣ ሰው ይፈራል። ገመዱን መልቀቅህን አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል» አለች። «ግን ሳምንት ሙሉ እዚህ ተቀምጠህ ንፍሮዬን በልተሃል። ባልሽ ጥሎሽ ሄደ ሲሉኝ ሰምተሃል። ይቺ ልጅ ስሟ ሲጠፋ ሰምተሃል። ቄሱ አልፈታውም ሲሉኝ ጭንቅላቴን የያዝከው አንተ ነህ። ያኔስ ማን ይዞህ ሊሄድ ነበር?»

ቀሲስ ኪዳኔ ከወንበራቸው ተነስተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ ነገ በሙሉ ሥርዓት እንደሚፈቱት ነገሯት፣ ወሬ ሰምቼ ፈረድኩ፣ ይቅር በይኝ አሏት። ትርፌም ለገሠን ወደ አውሮራ ፖሊስ እንደምትወስደውና ለኦሬገኖቹ በራሱ አፍ እንደሚናገር አስታወቀች። እምቢ አላለም።

«ነገ ሬሳውን እንዳትነካ» አለች መዓዛ። «ፖሊስ ቢለቅህ እንኳ፣ ወንድሟ ነው ተሸከም ቢሉህ እንኳ፣ እንዳትነካ።»

በሩን ሲከፍቱት ውጭ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ለገሠ በሸሚዙ ወጣ። መዓዛ ከፍራሿ ብድግ አለች፤ «ጃኬትህ! ይበርድሃል» አለች፣ ካፏ አመለጣት። አጠገቧ ተሰቅሎ የነበረውን ጃኬት ይዛ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

ከዚያ ጮኸች። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ለቅሶዋ ነበር። ግቢ የቆሙት ሴቶች ሰምተው እየሮጡ ገቡ፣ ከበው ያዟት፣ አብረዋት አለቀሱ። ተመስገን፣ በመጨረሻ ለባሏ አለቀሰችለት ተባባሉ። ስምረት መሀላቸው ገብታ ጃኬቱን ከእጇ ለመውሰድ ሞከረች፤ መዓዛ አልለቀቀችም።